እናቴ አንቱ ስትል

ልጅ ሆኜ እናቴ «አንቱ» ካለችኝ የምገባበት ይጠፋኝ ነበር። በሌላው ቤት ልጅ የሚፈራው «አንቺ!» የሚለውን ጩኸት ነው። እኛ ቤት ግን «አንቺ» የሰላም ቃል ነበር። «አንቺ፣ ነይ ብይ» ስባል ሁሉም ነገር ደህና መሆኑን አውቃለሁ። «እሜቴ፣ እንቅልፍዎን ጠገቡ? ቁርስዎን አልጋዎ ድረስ ላምጣልዎ ወይስ ለመነሣት ፈቃድዎ ነው?» ስትለኝ ግን የጫማዬን ክር ሳላስር በሩ ላይ ደርሻለሁ። አባቴም እንደኔው ነው። በደህና ቀን «አንተ» የምትለውን ባሏን «ጋሼ» ያለችው ቀን፣ ኮቱን ይለብስና «ዳቦ ልግዛ» ብሎ ይወጣል፤ ቤት ውስጥ ዳቦ ሞልቶ እንኳ ቢሆን።

ጎረቤቶቻችን ይህን ምሥጢር አያውቁም ነበር። ቀራንዮ ውስጥ ባደግኩበት መንደር እናቴ የምትታወቀው ባሏን አክባሪ፣ አንደበቷ የታረመ፣ የጨዋ ልጅ ተብላ ነው። የአጥር ጎረቤታችን ልጆቿን በተቆጣች ቁጥር «እናንተ ባለጌዎች! እዚያ ማዶ ያለችውን ሴት አታዩም? ልጇን እንኳ አንቱ ነው የምትላት!» ትላቸው ነበር። እኔ በአጥሩ በዚህ በኩል፣ ገና አንቱ ከመባሌ ፊቴ እንደቀላ፣ ቆሜ እሰማታለሁ።

እናቴ ጡረታ ከመውጣቷ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች። አንድ ቀን አለቃዋን «እርስዎ ባይኖሩ ይሄ ቢሮ ምን ይውጠው ነበር!» አለችው። ሰውየው በጣም ደስ አለውና በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ራሱ ደገመው። ነገሩ የገባው አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ ነው። ከዚያ በኋላ እናቴ ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ተዛወረች። «ለብቃቴ ነው» ትላለች እስከ ዛሬ።

እንግዲህ በዚህ ቤት ያደገች ልጅ ምን ትሆናለች? የአማርኛ መምህር ሆንኩ። ዓለም ባንክ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። አንድ ቀን የአነጋገር ዘይቤዎችን ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ምጸትና ሽሙጥ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። «ሽሙጥ» አልኩ፣ «ተናጋሪው ሰውን ለመንካት ብሎ፣ ሆን ብሎ፣ የልቡን ተቃራኒ ሲናገር ነው። ዘግይቶ ለመጣ ሰው ‹በጠዋት መጣህ!› እንደማለት። ምጸት ግን ከዚያ ይሰፋል። የተጠበቀው ሌላ፣ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ሲሆን፣ ማንም ባይናገረውም ምጸት ነው።» ምሳሌ ስፈልግ የርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያ ጮኸ። ስለ ጸጥታ ጥቅም መናገር ጀመሩ። አሥር ደቂቃ ያህል ማስተማር አልተቻለም፤ ከግቢው ውጭ የቆሙ ውሾች ሳይቀሩ ይጮኹ ነበር። ሲያበቁ «ይኸው» አልኩ፣ «ምጸት ማለት ይሄ ነው።»

«በጣም ግልጽ ነው፣ ቲቸር» አለ አንዱ ከኋላ ወንበር።

እውነቱን ይሁን እያሾፈ ማወቅ አልቻልኩም። እናቴ ያሳደገችው ሰው ምስጋና ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው ውስጡ መርፌ መኖር አለመኖሩን መዳበስ ነው። ደግሞም ልጁ ልክ ነበር፤ ካሾፈም ልክ ነበር። እኔ ራሴ ልዩነቱን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። ከኑሮ የገባኝ በኋላ ነው፤ የገባኝም አንድ ሊፍት ጠጋኝ ሽሙጥ የሚባለው ነገር ጨርሶ ሳይገባው ስለቀረ ነው።

ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ አንድ ሕንፃ ውስጥ መነጽሬን ላሠራ ስወጣ ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መሃል ቀጥ አለ። መብራቱም ጠፋ። ብቻዬን ነበርኩ። እየደበደብኩና እየተጣራሁ ጥቂት እንደቆየሁ ከላይ የወንድ ድምፅ መጣ።

«እህቴ፣ ደህና ነዎት? መብራት ሄዶ ነው። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ትንሽ ይቆያል።»

«ኧረ እኔ በጣም ተመችቶኛል!» አልኩ፣ በጨለማው ውስጥ በንዴት እየተንጨረጨርኩ። «ምንም አይቸኩሉ! ምሳዎን ራሱ በልተው ይምጡ!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ድምፁ። ከዚያ እግሩ ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁ።

ምሳውን በልቶ መጣ።

በሩ ሲከፈት የማዘንብበትን ስድብ አሰናድቼ ቆሜ ነበር። ከፊቴ የቆመው ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ፈገግ ያለ ሰው ነው። «ሊፍት ሲቆምበት የማይጮህ ሰው የለም» አለኝ። «እንደርስዎ የተረጋጋ ሰው አይቼ አላውቅም። ሽሮው ግን ዛሬ ጥሩ ነበር፤ ምሳ ካልበሉ ከታች ያለው ቤት ይግቡ።» ፊቱን አየሁት። መርፌ የለውም። ሰውየው ከልቡ ነበር የሚያደንቀኝ። ስድቡ እዚያው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ ወርጄም ሽሮውን በላሁ።

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። እየቆየ ሲሄድ እሱ ጋር ዕረፍት እንዳለ ገባኝ። «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ ፊቴን አዙሬ «ምንም አልሆንኩም» ካልኩት፣ «ጥሩ» ብሎ ኳስ ያያል። መጀመሪያ ላይ ላብድ ደርሼ ነበር። ኋላ ግን «ተቆጥቻለሁ» ማለትን ተማርኩ። «ተቆጥቻለሁ» ስለው ስልኩን አስቀምጦ፣ ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ፣ «በምን?» ይለኛል። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ያለ አቋራጭ መንገድ መኖሩን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ለእሱ ይህ ሥራውም ነው። አራት ቁጥርን የተጫነ ሰው አራተኛ ፎቅ መሄድ ይፈልጋል፤ ሊፍቱ «ምን ለማለት ፈልጎ ይሆን?» እያለ ስድስተኛ ፎቅ ቢወስደው ተበላሽቷል ማለት ነው። ቤተሰቦቹም እንደዚያው ናቸው። ከደቡብ ምዕራብ መጥተው፣ ድሮውኑ ኮልፌ ሰፍረው፣ አጠና ተራ አጠገብ ቆርቆሮና ምስማር የሚነግዱ ሰዎች ናቸው። እነሱ ቤት «ነገ ና» የሚባለው ነገ መምጣት ያለበት ሰው ብቻ ነው።

ልንጋባ ተስማማን። ችግሩ እናቴ ነበረች። እሷ ሳትስማማ አባቴ ሽማግሌ ተቀብሎ ማስቀመጥ አይሞክራትም። እርግጥ ዕድሜዬ ደርሷል፣ ደሞዝ አለኝ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ ማግባት እችላለሁ። ግን እናቴ የሌለችበት ሠርግ አልፈልግም ነበር። አፏ ምንም ቢወጋ እናቴን እወዳታለሁ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እናቴ ይህን ሰው በመውደድ ባለመውደዷ ላይ ነበር።

«እናቴ ትንሽ… ቀልደኛ ናት» አልኩት ከመሄዳችን በፊት።

«ደስ ይላል» አለ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ እሑድ ምሳ ላይ ነበር። የጦር ኃይሎች መንገድ ተዘጋግቶ በጣም አረፈደ። እናቴ ውጭ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ጠበቀችው።

«ምነው ቸኮሉ?» አለችው።

«እንዳልዘገይብዎ ብዬ ነው፣ እማማ» አለ ላቡን እየጠረገ። «ከፌርማታው እዚህ ድረስ በሩጫ ነው የመጣሁት።»

እናቴ ቅንድቧን አነሣች። ገብተን ተቀመጥን። ዶሮ ወጥ ተሠርቶ ነበር፤ እንቁላሉ ደግሞ እንደ ደንቡ ለሰው አንድ አንድ ነው። አባቴ የእሱን እንቁላል ሁልጊዜ ለመጨረሻ ያቆያታል፤ በጎኑ አስቀምጦ በዓይኑ እየጠበቃት ነው የሚበላው። እንግዳችን እየተሯሯጠ ስለመጣ ርቦት ነበርና ከፊቱ ያለውን በሙሉ አጸዳው። እናቴ ይህን አይታ አላለፈችውም።

«ኧረ ምንም አልቀመሱም! ያቺን እንቁላል ይጨምሯት እንጂ! ብቻዋን እዚያ ምን ትሠራለች?»

«እውነትዎን ነው» ብሎ አነሣት።

የአባቴ እጅ መንገድ ላይ ነበር። እዚያው ትሪው ላይ ቀረ፤ ትንሽ ቆይቶም ባዶውን ተመለሰ።

ከምሳ በኋላ እናቴ ጥያቄ ጠየቀችው፤ ሰውየው የተጠየቀውን ይመልሳል። ሊፍት እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችው። እንዴት እንደሚሠራ ነገራት። ስለ ገመዱ ነገራት። ስለ ፍሬኑ ነገራት። እናቴ «ይገርማል! እንዲህ ያለ አስደሳች ነገር ሰምቼ አላውቅም!» ስትለው ስለ ክብደት ማመጣጠኛው ጨመረላት። አባቴ ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ተነሥቶ ትከሻዋን ሊስም ጎንበስ ሲል እናቴ እንዲህ አለችው፦

«ምነው፣ ገና ምኑን ተቀመጡና! በሚቀጥለው ጊዜማ አልጋዎን ይዘው ይምጡ።»

«እሺ፣ እማማ።»

እስከ መንገዱ ሸኘሁት። ፊቱ በደስታ በርቷል። «ምን ዓይነት ጨዋ እናት ነው ያለችሽ!» አለኝ። «ልጃቸው የምሆነውን ሰው አንቱ አሉኝ! በዕድሜዬ አንድም ትልቅ ሰው አንቱ ብሎኝ አያውቅም።» ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው ስለማላውቅ መልሼ ዘጋሁት።

ቤት ስመለስ እናቴ ሳህን እያነሣች ነው። «ጅል ነው» አለች በአጭሩ። «ሽሙጥ የማይገባው ሰው እዚህ ቤት ምን ሆኖ ይኖራል? የተናገርኩት ሁሉ ሰምጦ ቀረ እኮ! ሽማግሌ ምናምን የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ።»

«እንቁላሏንስ…» አለ አባቴ ከእንቅልፉ ነቅቶ። አልጨረሰውም።

ያን ሰሞን እያለቀስኩ ነበር የማስተምረው። ተማሪዎቼ ጉንፋን መስሏቸዋል። እሱ ግን ምንም ስላላወቀ በሚቀጥለው እሑድ ተመልሶ መጣ። የባጃጅ ድምፅ ሰምቼ በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት እሱን አይደለም፤ ባጃጁንም አይደለም። ያየሁት ፍራሽ ነው። አዲስ፣ አበባ አበባ ያለበት ጨርቅ የለበሰ፣ በባጃጁ ጣራ ላይ በገመድ የታሰረ ፍራሽ። ሁለቱ ጫፎቹ በግራና በቀኝ ተንጠልጥለው የሹፌሩን መስተዋት ሸፍነውታል።

«አልጋው ባጃጅ ላይ አልጫን አለ» አለኝ እያፈረ። «ለጊዜው ፍራሹን ይዤ መጥቻለሁ። አልጋውን መኪና ስናገኝ እናመጣዋለን።»

እናቴ ከኋላዬ መጥታ ነበር። ፍራሹን አየች። እሱን አየች። እንደገና ፍራሹን አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፍራሽ ነው፣ እማማ። ባለፈው ይዘው ይምጡ ብለውኝ አልነበር?»

የአጥር ጎረቤታችን አንገቷን አስግጋ ይህን ሁሉ ታያለች። «እሰይ! እሰይ! ዕቃው እንኳ ገባ!» ብላ እልል አለች። ከማዶ ሌላ ሴትዮ ተቀበለቻት። ሽማግሌ ሳይላክ፣ ቀለበት ሳይታሰር፣ መንደሩ ዳረኝ።

እናቴ የምትመልሰው አጣች። ያውም እናቴ! ዞራ ወደ ማድ ቤት ገባች። ተከትያት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «አለቀ፣ አስለቀሳት» አልኩ በልቤ። ቀስ ብዬ ትከሻዋን ስነካት ዞረች። እየሳቀች ነው። እንባዋ በጉንጯ እስኪወርድ፣ ድምፅ እንዳይወጣት አፏን በእጇ ይዛ እየሳቀች ነው።

«አየሽው? በፍራሽ መለሰልኝ!»

«እማዬ…»

«ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ሥራ ስሠራ አንድ ሰው መልሶልኝ አያውቅም! አባትሽ ኮቱን ለብሶ ይወጣል። አንቺ ታለቅሻለሽ። ይሄ ግን ፊቱን እንኳ ሳይቀይር! በባጃጅ! በገመድ አስሮ!» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አሁን ነው እኮ የገባኝ። ‹ከፌርማታው በሩጫ ነው የመጣሁት› አለኝ! ያቺን እንቁላል ‹እውነትዎን ነው› ብሎ ጎረሳት! ያንን ሁሉ የሊፍት ወሬ ያወራብኝ ጠይቄው ነው፤ እየቀጣኝ ነበር! እኔ ደግሞ ጅል ነው አልኩ፤ ጅሏስ እኔ!»

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። «እማዬ፣ ሰውየው አምጣ ስላልሽው ነው ያመጣው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን እናቴን እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ! ደግሞ ወደደችው። የምፈልገውም እሱን ነበር፤ ስለዚህ ዝም አልኩ።

ያን ጊዜ ነው፣ እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ከሽንኩርቱ ዘንቢል አጠገብ ቆሜ፣ የተማሪዬ ጥያቄ የተመለሰልኝ። ሽሙጡ የእናቴ ነበር፤ ተናጋሪ አለው፣ የሚነካው ሰው አለው፣ ባለቤቱ ይታወቃል። አሁን የሆነው ግን የማንም አልነበረም። ማንም አላሰበውም፣ ማንም አልተናገረውም። የቀራንዮ አንደኛዋ ሽሙጠኛ፣ በሕይወቱ አንድ ቃል አሽሟጥጦ የማያውቅን ሰው የሽሙጥ ሊቅ አድርጋ ሾመችው። በሽሙጥ የሚቆስለው የተነገረበት ሰው ነው፤ በምጸት ግን ማን እንደሚቆስል አስቀድሞ አይታወቅም። ይህን ሰኞ ለተማሪዎቼ እንዴት እንደማስረዳ ግን አላወቅኩም፤ ከፍራሹ መጀመር ይኖርብኛል።

እናቴ ፊቷን ታጥባ ወደ ሳሎን ተመለሰች። አጠገቡ ተቀመጠች። ጭራሽ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

«በል እስቲ ተጫወት። አንተ ልጅ፣ ምን ትጠጣለህ? ሻይ ላፍላልህ?»

እኔና አባቴ ተያየን። አንተ አለችው! በእኛ ቤት ከዚህ የበለጠ ሹመት የለም። አባቴ በደስታ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው። ወደ እንግዳችን ዞሬ ሳየው ግን ፊቱ ዓመድ መስሏል። ሻዩን አልጠጣም። ትንሽ ቆይቶ ሥራ አለብኝ ብሎ ተነሣ።

«ምነው ቸኮልክ?» አለችው እናቴ፤ በዚህ ጊዜ ከልቧ።

ፌርማታው ድረስ ሸኘሁት። ታክሲ መጣ፤ አልገባም። ሌላም መጣ፤ አሁንም አልገባም።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ በመጨረሻ። «ባለፈው አንቱ ነበር ያሉኝ። ዛሬ ‹አንተ ልጅ› አሉኝ። ፍራሹ ነው? አነሰ?»

«አይደለም! አንተ ካለችህ ወደደችህ ማለት ነው።»

«ታዲያ አንቱ ሲሉኝ?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን ከዚህ ሰው ጋር ያገናኘኝ እንዳለ መናገር ነው። «አንቱ ስትልህ እየተሳለቀችብህ ነበር» አልኩት።

ቆሞ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ። ሲያስብ ይታየኛል።

«‹ምነው ቸኮሉ› ያሉኝስ?»

«ዘግይተህ ነበር።»

«እንቁላሉ?»

«የአባቴ ነበር።»

«የሊፍቱ ወሬ? አስደሳች ነው ብለውኝ…»

ወደ ጫማዬ አቀረቀርኩ።

«ፍራሹ?» አለ፣ ድምፁ እየቀነሰ። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለውና ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺስ? ሊፍቱ ውስጥ ‹ተመችቶኛል› ያልሽኝ?»

«ታፍኜ ነበር።»

«እኔ እኮ ምሳ በላሁ!» አለ በድንጋጤ። አንዲት ታክሲ የምትጠብቅ ሴትዮ ዞራ አየችን። ትንሽ ቆይቶ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ «እና ‹እወድሃለሁ› ያልሽኝስ?»

«እሱ እንዳለ ነው። ምንም የለበትም። እውነቴን ነው።»

«በምን ልወቅ?»

እጁን ያዝኩት። አላስለቀቀኝም፤ ግን አልጨበጠኝምም።

«ቅዳሜ እመጣና ለእናትሽ እነግራቸዋለሁ» አለ። «ያሾፍኩባቸው መስሏቸው ከሆነ የወደዱኝ፣ የወደዱት ሌላ ሰው ነው።»

ለመንኩት። ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ብቻ ዝም እንዲል፣ ከሠርጉ በኋላ እኔ ራሴ ቀስ ብዬ እንደምነግራት፣ እናቴ አንዴ «ጅል» ወደሚለው ቃሏ ከተመለሰች ሐሳቧን እንደማትቀይር ነገርኩት። ሁሉንም ሰማኝ። «ቅዳሜ» ብሎ ታክሲ ውስጥ ገባ። ቅዳሜ ካለ ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ገና በሩን ሲያንኳኳ ፈገግ ብላ ጠበቀችው። ዛሬስ ምን ያመጣ ይሆን እያለች ነው። ባዶ እጁን ነበር። አልቀመጥም ብሎ ሳሎኑ መሃል ቆመ።

«እማማ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ጀመረ!» አለች እናቴ ለአባቴ።

«እኔ ሽሙጥ አይገባኝም።»

«አይገባውም! ሰማኸው?» እናቴ ጭኗን መታች። አባቴም መሳቅ ጀመረ።

«ያን ቀን የመጣሁት ዘግይቼ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ‹ምነው ቸኮሉ› ሲሉኝ ሩጫዬን አይተው መስሎኝ ነው። እንቁላሏም የጋሼ መሆኗን አላወቅኩም። ጋሼ፣ ይቅርታ።»

እናቴ ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ተኝታ ትስቃለች። እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ባብራራ ቁጥር ይብሳታል። «በቃህ፣ ገደልከኝ!» ትለዋለች እንባዋን እየጠረገች። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ እመኛለሁ። እሱ ግን እስክትጨርስ ጠበቃትና ቀጠለ።

«አንቱ ሲሉኝ እውነት መስሎኝ ነበር። እቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ልጄን ትልቅ ሰው አንቱ አለው ብላ በደስታ አለቀሰች። ፍራሹን የመረጠችው እሷ ናት። ከሱቅ ሱቅ ስትዞር ዋለች፤ ‹ለእንዲህ ያለች ሴት ተራ ፍራሽ አይወሰድም› ብላ።»

የእናቴ ሳቅ ቆመ። ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። እኔ መጀመሪያ ቀን ሊፍቱ በር ላይ የፈለግኩትን መርፌ እየፈለገች መሆኗን አወቅኩ። እሷም አላገኘችውም።

«እናትህ አለቀሱ?» አለች።

«በደስታ ነው» አለ ሊያጽናናት።

«የተናገርኩህን ሁሉ… የሰማኸው እንደተናገርኩት ነው?»

ጥያቄው ግራ ገባው። «ሌላ እንዴት ይሰማል፣ እማማ?»

እናቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወደ መሬት ታያለች። ነገሩ ማለቁን አወቅኩ፤ ሊቁ ከሹመቱ ወረደ፣ ከዚህ በኋላ የሚከተለው «ጅል» የሚለው ቃል ነው። ቃሉን እንዳልሰማ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አለች እናቴ። «ደስ ብሎኛል።»

ቀሪውን ጠበቅኩ። ከእንዲህ ያለ ነገር ኋላ ሁልጊዜ ጅራት አለ፤ ከ«ደስ ብሎኛል» ኋላ «እንዲህ ያለ ዕድል ከየት ይገኛል!» ወይም «ቤታችን ዛሬ ታደለ!» ይመጣል። አባቴም አንገቱን ቀብሮ ይጠብቃል። ምንም አልመጣም።

«እና?» አልኳት።

«እና ምን?» ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የማላውቀው ነገር ነበር፤ የተከፋች ትመስል ነበር። «ደስ ብሎኛል ነው ያልኩት። እኔ ደስ ሲለኝ በምን ቋንቋ ልንገርሽ፣ ልጄ?»

እሱ ግን ገና ስትናገር አምኗት፣ ጉልበቷን ሊስም አጎንብሶ ነበር።